ቁጥሩ ያልታየ ፕሮግራም

ባለፈው ሐምሌ ከሆሳዕና ወደ ዶዮገና በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከአቶ ወንዳፈረው ጋር ተገናኘን። ቀድሞ አብረን ያስተማርን ሰው ናቸው፤ ዛሬ ለጤና ጣቢያዎች የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚያዘጋጅ ማኅበር ይመራሉ። አጠገባቸው የተቀመጠችውን ወጣት፣ "ፕሮግራሙን የምትሠራልን ሐዳሳ ናት፤ ጎበዝ ናት፣ ግን እምቢተኛ" ብለው አስተዋወቁኝ።

በምን እምቢ እንዳለች ስጠይቅ አጫወቱኝ። በነርሶቹ ስልክና በጤና ጣቢያው ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው ፕሮግራም የሕፃኑ ክብደት ሲገባለት የሚሰጠውን የሽሮፕ መጠን ያወጣል። ስሌቱ ላይ ስህተት ተገኝቶ ታረመ፤ የታረመውም ለሁሉም ተላከ። ከጉዟችን አንድ ቀን በፊት ግን የዶዮገናዋ ነርስ ገነቴ ለአንድ ሕፃን ሽሮፕ ልትሰጥ ስትል፣ ስልኳ ያወጣው መጠን ኮምፒውተሩ ካወጣው በእጥፍ በለጠባትና እጇን ሰበሰበች።

"የታረመውን በድጋሚ ላኪ ብላት አልክም አለች" አሉ።

"አዎ፣ አልክም" አለች ሐዳሳ ረጋ ብላ። "ጋሼ፣ የታረመውን ስንልክ 'አዲሱ' አልነው። ከዚያ በፊት የላክነውም 'አዲሱ' ነበር። ለነርሶቹ ደውለው 'አዲሱን ጭናችኋል?' ሲሏቸው ሁሉም አዎ አሉ። አልዋሹም።"

"ቀኑን አይተው አይለዩም?" አሉ አቶ ወንዳፈረው።

"ስልኩ የሚያሳየው ፋይሉ የገባበትን ቀን ነው እንጂ የተሠራበትን አይደለም። እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር ካልተጻፈበት አይለዩትም።"

"ልጄ፣ ስንት ዓመት ያለ ቁጥር ሠርተናል። ነርሶቹን በቁጥርና በነጥብ አናደናግራቸው።"

"የመድኃኒቱ ጠርሙስ ላይ ያለውን የምርት ቁጥር በየቀኑ ያነባሉ። አይናቋቸው።"

አቶ ወንዳፈረው ፊታቸው ተለዋወጠ። "ካልላክሽ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ።"

"ይቅጠሩ። ቁጥሩ ያልታየ ፕሮግራም ግን ከእኔ እጅ አይወጣም።"

እውነቱን ለመናገር ልጅቷ ድፍረት ያበዛች መስሎኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን ያን ዕለት ዝም ብትል ኖሮ ዝምታዋ ጨዋነት ሳይሆን በሕፃናት ላይ የተሠራ ጥፋት ይሆን ነበር።

ነገሩ ስለያዘኝ ጤና ጣቢያው ድረስ አብሬያቸው ሄድኩ። ገነቴ የባልደረቦቿን ሦስት ስልኮች ጠረጴዛ ላይ ደረደረች።

"ጋሼ፣ የታረመው የቱ ነው?" አለች ሐዳሳ።

በሦስቱም ስልኮች ላይ የፕሮግራሙ ሥዕልም ስምም አንድ ነው። አቶ ወንዳፈረው መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ ከፍተው አዩና መካከለኛውን አነሱ። ገነቴ ስምንት ኪሎ ብላ አስገባችበት። እጥፉን መጠን ያወጣው እሱ ሆነ።

ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"እንዴት ያለ ቁጥር ነው የምትይው?" አሉ በመጨረሻ።

ሐዳሳም አስረዳች። ስሌቱ በተቀየረ ጊዜ ሁሉ የቨርዥኑ፣ ማለትም የእትሙ፣ ቁጥር ይቀየራል፤ ስሌቱ አንድ ከሆነ በስልክም በኮምፒውተርም ያው ቁጥር ይታያል። ከሥሩ የቢልድ ቁጥር ይጻፋል፤ ይህ አንድ ፋይል በተሠራ ጊዜ የሚሰጠው፣ ለሌላ የማይደገም መለያ ነው። ሁለቱም ፕሮግራሙ ሲከፈት ፊት ለፊት ይነበባሉ።

"እንግዲያው ዛሬውኑ ይሠራ" አሉ። "እስከዚያ ስልክ ያወጣው መጠን ለማንም እንዳይሰጥ።"

ከወር በኋላ ቢሯቸው ተቀምጬ ሳለ ከአንጋጫ ጤና ጣቢያ አንዲት ነርስ ደውላ በስልኮቹ ላይ የሚታዩትን የፕሮግራሙን ቁጥሮች አነበበችላቸው። ከእነሱ ስልኮች አንዱ ዳምቦያ ጤና ጣቢያ ካለው በአንድ ቨርዥን ወደ ኋላ ቀርቷል። መኪና ሳይነሳ፣ ሌሎቹ ስልኮች ሳይነኩ፣ ያ ስልክ ብቻ ተለይቶ ታረመ።

አቶ ወንዳፈረው ስልኩን ዘግተው ወደ እኔ ዞሩ። "ከዚህ በፊት ስንት ስህተት እንዳለፈን አላውቅም" አሉኝ። "የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም።"