ለቅዳሜ የተቀጠረ መርዶ

ብቻውን የሚኖር ሰው ሐሳቡን ጓደኛ ያደርጋል። የእኔ ሐሳብ ግን አውቶቡስ የሚያስመልጠኝ ጓደኛ ነው። አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ በመጋቢት ውስጥ፣ ፓርክ ሂል ሰፈር ካለው ቤተ መጻሕፍት ወጥቼ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ቆሜ ነበር። በረዶ እየጣለባት ያበበች አንዲት ዛፍ አየሁና «ይህቺ ማንን አምና ነው?» ብዬ ስገረም፣ አሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ፊቴ ቆሞ፣ በሩን ከፍቶ፣ ዘግቶ ሄደ። ቀጥሎ የቆመው ታክሲ ነው።

«ባስልዮስ፣ ዛሬም ፈዘሃል? ግባ» አሉኝ ታክሲውን የሚነዱት አቶ መኮንን።

አቶ መኮንን አውሮራ በምኖርበት ሕንፃ ከእኔ በታች ያለው ፎቅ ላይ ይኖራሉ። በወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ፣ ቃላቸውን የሚያከብሩ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጌጥነሽ በአረጋውያን መጦሪያ ይሠራሉ። አንዲት ልጃቸው ኑኃሚን አሥረኛ ክፍል ናት። እኔ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በላይ አልዘለቅሁም፤ ኤርፖርት ዊልቸር እገፋለሁ፣ የተረፈኝን ጊዜ አነባለሁ።

ቀበቶዬን ሳላስር አንድ መጽሐፍ ጭኔ ላይ ጣል አደረጉ።

«ይህን ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ፣ ጋሼ። የዚህ አገር ልጆች ሁሉ በትምህርት ቤት የሚያነቡት የቆየ ልብ ወለድ ነው። እኔም መዝገበ ቃላት ይዤ ስታገለው ነው የከረምኩት።»

«እንግዲያው እግዚአብሔር አገናኘን። ለአስተማሪዋ ልመልሰው እየሄድኩ ነው። እንግሊዝኛህ ይሻላልና ‹ለልጄ ሌላ መጽሐፍ ይሰጣት› ብለህ ታስረዳልኛለህ።»

«መጽሐፉ ምን አጠፋ?»

«ልጄን አበላሸብኝ» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ መኪና ውስጥ ሌላ ሰው ያለ ይመስል። «የጌጥነሽ አባት ባለፈው እሑድ አገር ቤት፣ ሆሳዕና ከተማ አርፈዋል። እሷ አልሰማችም። ቅዳሜ ጠዋት ሰው ተሰብስቦ መርዶውን እንዲነግራት ወስነናል። ኑኃሚን በስልክ ሳወራ ሰምታኛለች። ‹ዝም በይ› አልኳት፤ ዝም አለች። ትናንት ጌጥነሽ ለአባቷ ሹራብ ገዝታ መጣች፤ ዓርብ የሚሄድ ሰው ስላለ ልትልክላቸው። ‹ለአያትሽ ልክ የሚሆን ይመስልሻል?› ብላ ስትጠይቃት፣ ልጅት ከማዕድ ተነሥታ ሄደች። ዛሬ ጠዋት እኔን ምን አለችኝ መሰለህ? ‹ዛሬ ማታ እንደገና ከጠየቀችኝ አልዋሽም። ልጁም መጨረሻ ላይ አልዋሸም።› ልጁ ማለት የዚህ መጽሐፍ ልጅ ነው።»

አሁን የጉዞው ጭንቀት ገባኝ። ሹራቡ ዓርብ ይሄዳል፤ ልጅቷ ዛሬ ማታ ትናገራለች፤ አባት ደግሞ አፏን ለመዝጋት መጽሐፏን ይዘጋሉ።

«ታሪኩን ብነግርዎ ይፈቅዱልኛል?» አልኳቸው።

«እስከ ትምህርት ቤቱ አሥር የትራፊክ መብራት አለ። ንገረኝ።»

እኔም ነገርኳቸው። በአንዲት መንደር ዓይነ ስውር አሮጊት አለች፤ ሀብቷ የፖም አትክልት ቦታ ነው። አንድ ክረምት ውርጭ ዛፎቹን ሁሉ ይገድላል። ጎረቤቶቿ «ልቧ ይሰበራል» ብለው ይደብቋታል። አንድ ወላጅ አልባ ልጅም በየማታው እጇን ይዞ በዛፎቹ መካከል እያዞራት «አብቧል» ይላታል። መጀመሪያ የሚዋሸው ጎረቤቶቹን ፈርቶ ነው። ቀጥሎ ስለሚወዳት ይዋሻል፤ እንዲያውም ጎበዝ ውሸታም በመሆኑ ይኮራል። ኋላ ግን ፈገግ ስትል ማየት ያሳፍረው ይጀምራል። አንድ ቀን እጇን ይዞ የደረቀውን ቅርንጫፍ ያስነካታል።

«ከዚያስ?»

«ተቆጣች። ወራት አላናገረችውም።»

አቶ መኮንን መሪውን መታ አደረጉ። «አየህ? ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም።»

«አልጨረስኩም፣ ጋሼ። ስታናግረው ያለችው ይህ ነው፦ ‹ዛፎቼን ውርጭ ነው የገደላቸው። አዲስ የምተክልበትን ጸደይ የወሰዳችሁብኝ ግን እናንተ ናችሁ።›»

የመስታወት መጥረጊያውን ፍጥነት ጨመሩት። የቆየ ልማድ በአንድ ተረት እንደማይነቀነቅ አውቃለሁ፤ ሥር ያለው ነገር ነውና። እሳቸውም ምክንያት አላጡም።

«አንተ ልጅ ነህ። ጓደኛችን ዳኛቸው የእህቱን ሞት መኪና እየነዳ በስልክ ሰምቶ ከመንገድ ወጥቷል፤ ጌታ ነው ያተረፈው። መርዶ ብቻህን የምትሰማው ነገር አይደለም። ሰው ሊይዝህ ይገባል፣ ውኃ ሊያቀርብልህ፣ አብሮህ ሊያለቅስ ይገባል። አባቶቻችን ሞኞች አልነበሩም። ደግሞስ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል አልተባለም?»

«እያደር ይጠራል ነው የተባለው፤ እየደበቁት ይጠራል አልተባለም። ሰው ይሰብሰብ ባሉት ግን ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። አባቶቻችን መርዶ የሚነግሩት ጎህ ሲቀድ ነበር፤ ጎረቤቱን ቀስቅሰው። አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ ለምን ቅዳሜ ሆነ?»

«ሰው ሥራ ላይ ነዋ። ዳኛቸው እስከ ዓርብ ፈረቃ አለው። ሴንቴኒያል ከተማ ያሉት ወገኖቻችንም ቢሆኑ ቅዳሜ ነው የሚመቻቸው።»

«እንግዲህ የጠበቅነው የወይዘሮ ጌጥነሽን ልብ አይደለም፤ የእኛን ፈረቃ ነው።»

«ምላስህ ረዘመ፣ ባስልዮስ» አሉ፤ ግን አልተቆጡም። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ደርሰን ነበር፤ ፓርክ አድርገው ሞተሩን አላጠፉም።

እኔም ከክርክር ይልቅ ለማወቅ ጓጉቼ ጠየቅሁ። «ወይዘሮ ጌጥነሽ በዚህ ሁሉ ጊዜ ወደ ሆሳዕና አልደወሉም?»

«በየቀኑ ትደውላለች እንጂ። ካርድ ትፍቃለች፣ ትደውላለች፣ አያነሡላትም። እንዳያነሡ ነግረናቸዋል። መስመሩ የተበላሸ መስሏታል።»

«እናታቸው የት ናቸው?»

«ቤታቸው ናቸው፤ ሐዘን ላይ የት ይሄዳሉ?»

«ታዲያ ስልኩ ሲጮኽ ይሰሙታላ።»

አቶ መኮንን ወደ እኔ ዞሩ። ቀጥለው ወደ ፊት አዩ። ሞተሩን አጠፉ። ባሏ የሞተባት ባልቴት ከጎኗ የሚጮኸው የልጇ ስልክ መሆኑን እያወቀች፣ «እንዳታነሺ» ተብላ መቀመጧን ያን ጊዜ ነው ያዩት። እኔም ብሆን ከአፌ እስኪወጣ አላሰብኩትም ነበር።

«ይህን አላሰብኩም» አሉ በመጨረሻ። «ለአንዷ ስንጠነቀቅ ሌላዋን ረሳናት።»

ደወሉ ተደወለና ተማሪው ጎረፈ። ኑኃሚን ታክሲውን ስታይ ፊቷ ጠቆረ፤ መጽሐፉን እጄ ላይ ስታየው ደግሞ ባሰባት። ከኋላ ገብታ በሩን ዘጋች።

«ዳዲ፣ አይ አም ሶሪ፤ ትናንት ሩድ ነበርኩ፤ ተነሥቼ መሄድ አልነበረብኝም» አለች። «ግን መዋሸት አልችልም። ማሚ ሹራቡን እያሸተተች አጣጠፈችው፤ አይ ካንት።»

አባቷ በመስታወቱ አዩዋት። «ይቅርታ አይደለም የምፈልገው፣ መልስ ነው። ይህ ልጅ ቅርንጫፉን ሲያስነካት ዝም ብሎ ነው ያስነካት?»

«ኖ፣ ዳዲ። መጀመሪያ ወንበር አመጣላት። ከቤቷ የምትወደውን ወንበር ተሸክሞ ዛፉ ሥር አደረገው። ከዛ ያቺን ጎረቤት ጠራት፣ ያቺን የማትጮኸውን። ከዛ ነው።»

እኔ ወንበሩን ረስቼው ነበር። እውነቱን ብቻ አስታውሼ እውነቱ የተነገረበትን መንገድ ጥያለሁ። የልጁ ማደግ ግን እዚያ ላይ ነበር፤ መዋሸትን ማንም ሊተው ይችላል፣ ወንበር ተሸክሞ መምጣት ግን ትልቅ ሰው መሆን ነው።

«ወንበር» አሉ አቶ መኮንን። «እኛም እኮ የምንለው ይህንኑ ነው።»

«የእርስዎ ልማድና የልጅዎ መጽሐፍ አልተጣሉም፣ ጋሼ። የተጣሉት ከቅዳሜ ጋር ነው።»

ሳቅ ሊያመልጣቸው ሲል ያዙት። መጽሐፉን ከእጄ ወስደው ወደ ኋላ አቀበሏት። «ጨርሺው። ማታ ግን አንቺ አትናገሪም፤ የእኔ ሥራ ነው። አንቺ ወንበሩን ታቀርቢያለሽ።»

መንገድ ላይ ሁለት ስልክ ደወሉ፦ አንዱ እንቁ ለምትባለው፣ ለባለቤታቸው የቅርብ ጓደኛ፤ ሌላው ለሆሳዕና፣ «ዛሬ ስትደውል አንሡላት» ለማለት።

ወይዘሮ ጌጥነሽ ከሥራ ሲገቡ ገና አልመሸም ነበር። እንቁ አለች፣ እሷ ያመጣቻቸው የቤተ ክርስቲያናቸው ፓስተር አሉ፣ እኔም በሩ አጠገብ ነበርኩ። ኑኃሚን ወንበር አቀረበች። እናቷ ወንበሩን አዩ፣ የቆመውን ሰው አዩ፣ ምንም ሳይነገራቸው ተቀመጡ። አቶ መኮንን እጃቸውን ይዘው ነገሯቸው። ስለዚያ ለቅሶ ብዙ አልጽፍም። ጋብ ሲል አንድ ጥያቄ ጠየቁ።

«ከመቼ ጀምሮ ታውቃላችሁ?»

«ከእሑድ» አሉ አቶ መኮንን፤ አልሸሹም።

«ስልኩም ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው። በድለንሻል።»

ወይዘሮ ጌጥነሽ እጃቸውን ከባለቤታቸው እጅ አወጡ። ይህም ፍትሐዊ ነበር። ስልኩን ኑኃሚን ደወለችላቸው። በሆሳዕና ጎህ ሊቀድ ነበር፤ ገና አንዴ ሳይጮኽ ተነሣ። እናትና ልጅ ሲላቀሱ ሰማን፤ ቤቱን ከሞላው ሰው ሁሉ ይልቅ ያቺ አንዲት ድምፅ አጽናናቻቸው።

አንባቢ ሆይ፣ የጎደለ ነገር ምን ነበር? ቅዳሜ ሰው ሁሉ መጣ፤ ከሴንቴኒያልም ምግቡን ይዞ መጣ፤ ለቅሶው ሰው አላጣም። የተረፈው ግን ብዙ ነው። ባልቴቷ ልጇን አገኘች። ወይዘሮ ጌጥነሽ ለሞተ ሰው ልብስ እየመረጡ ሦስት ቀን አልጨመሩም። ልጅቷ በእናቷ ፊት መዋሸትን ሳትለማመድ ቀረች። ሹራቡም ዓርብ ዕለት ሄደ፤ ወይዘሮ ጌጥነሽ እጅጌውን በገዛ እጃቸው አሳጥረው ለእናታቸው ላኩት።

አቶ መኮንን አሁን በቤተ ክርስቲያናቸው መርዶ ሲመጣና ሰው «መቼ ይነገር?» ብሎ ሲመክር፣ ክርክር አያበዙም።

«ወንበሩ ተዘጋጅቷል ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። «ከተዘጋጀ ዛሬ ነው።»