የኮሎምበስ ቅርንጫፍ

አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ ወደ ሪከንባከር መጋዘኖች በሚሄደው ባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠው ወጣት አጠገቡ ያሉትን እናት በአማርኛ ያጫውታቸዋል። የተዋወቁት አሁን ነው።

«እትዬ፣ የእህቴ የማር ኩባንያ እዚህ ቅርንጫፍ ሊከፍት ነው። ማናጀሩ እኔ ነኝ።»

«እሰይ። ቢሮው የት ነው?»

«ለጊዜው መኝታ ቤቴ። ታፔላው ግን ደርሷል፤ በሰው ላከችልኝ። አልጋዬ ራስጌ ሰቅዬዋለሁ። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ቢሮ የገባሁ ይመስለኛል።»

«ምን ይላል?»

«ኮሎምበስ ቅርንጫፍ። በወርቅማ ቀለም።»

«ታድለህ። ሬጅስተር አደረግከው?»

«አፕላይ አድርጌ ነበር። ዋናው ኩባንያ አዲስ አበባ መመዝገቡን የሚያሳይ ወረቀት አምጣ አሉኝ።»

«ታዲያ እህትህ ትላክልሃ።»

«እሷማ ‹መጀመሪያ የአሜሪካው ይከፈት፣ ከዚያ የእኔን አስመዘግባለሁ› ትላለች። የውጭ ቅርንጫፍ ያለው ሰው ይከበራል አለችኝ።»



«አሁን ወዴት ነህ?»

«ዌርሃውስ። ሥራዬን ኩዊት ላደርግ ነው፤ የመግቢያ ባጄን ልመልስላቸው።»

«ባጅህን አትመልስ ልጄ። ታፔላውንም አታውርደው።»

እኔም ከኋላቸው ተቀምጬ ለራሴ ታፔላ ቀለም መምረጥ ጀመርኩ።