በማን ስንዝር?

አናጢው ጣውላ ተሸክሞ የወርክሾፑን በር በእግሩ ለመክፈት ሲታገል፣ ሩቅ አገር ተምሮ በቅርቡ የተመለሰው የጎረቤቱ ልጅ በዚያ ሲያልፍ አየውና በሩን ያዘለት።

“ተባረክ” አለና አናጢው በአገጩ ወደ ጥጉ ጠቆመ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጁ ተቀምጣ ወረቀት ላይ ቤት ትነድፋለች። “ይቺን እያት። ሕንጻ ነዳፊ ነው የምሆነው ትላለች። የሰባተኛ ክፍል ምዝገባ ዛሬ ያበቃል፤ እኔ ግን የተማረችው ይበቃታል ባይ ነኝ።”

“ምነው ጋሼ፣ ብትማር ምን ይጎዳዎታል?”

“አንተስ ያን ሁሉ ዓመት ተምረህ ምን ይዘህ መጣህ?”

“እኔም ራሴን የምጠይቀው እሱኑ ነው” አለ ወጣቱ። “ይዤ የመጣሁት መጠየቅን ብቻ ሳይሆን አይቀርም።”

“ጥያቄ መስኮት ይሆናል?” አናጢው እየሳቀ ለዳቦ ጋጋሪዋ መስኮት የሚሆነውን ጣውላ በስንዝሩ ስድስት ጊዜ ለካና መጋዙን አነሣ።

“አባባ፣ በማን ስንዝር?” አለች ልጅቷ።

“በእኔ ነዋ። ግንበኛውም የመስኮቱን ቦታ የሚተወው በእኔ ስንዝር ለክቼ በሰጠሁት ዱላ ነው። ስንት ዘመን ሠርተንበታል።”

“ዱላውን የሰጠኸው ጣትህ ሳይቆረጥ ነው።”

አናጢው እጁን አየ። ስንዝሩን የሚዘረጋባትን የትንሿ ጣቱን ጫፍ መጋዝ ከወሰደው ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሁለት ዓመት ሙሉ መስኮቶቹ ሲያጥሩበት፣ ክፍተቱን በሲሚንቶ እየደፈነ ግንበኛውን ሲረግም ኖሯል።

“ሜትር አምጪ” አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሦስቱም ተያይዘው ወደ ዳቦ ጋጋሪዋ ሄዱ። በዳቦ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለመስኮቱ የተተወው ቦታ መቶ ሠላሳ ሁለት ሴንቲ ነው፤ የአናጢው ስድስት ስንዝር ግን መቶ ሃያ ስድስት ሆነ።

“ያ ምስኪን ግንበኛ እርግማኑን በከንቱ ጠገበ በለኛ” አለች ዳቦ ጋጋሪዋ።

መስኮቱ በሜትር ተቆርጦ ከቀትር በኋላ ቦታው ላይ ግጥም አለ። አናጢው በመዳፉ ዙሪያውን ዳሰሰ፤ ወረቀት የሚያስገባ ክፍተት እንኳ የለም።

“ትምህርት ልጄን ከእጄ የሚነጥቃት ይመስለኝ ነበር” አለ ወደ ትምህርት ቤቱ ሲጣደፉ። “ለካ እንጨቴን ከብክነት፣ እኔንም ሰውን በከንቱ ከመርገም የሚያድነኝ እሱ ኖሯል። በስድስተኛ ክፍል ዕውቀት ይህን ካየች፣ ሲጨመርላት ምን ልታይ ነው?”

“ይሄ እንግዲህ የእርስዎ ጥያቄ ነው ጋሼ” አለ ወጣቱ።

መዝጋቢዋ ቢሮዋን ልትቆልፍ ስትል ደረሱ። ቅጹን እየሞላች “ወደፊት ምን መሆን ታስቢያለሽ?” አለቻት ልጅቷን።

ልጅቷ አባቷን ቀና ብላ አየች።

“ንገሪያት እንጂ፣ ምን ያሽኮረምምሻል?” አለ አባቷ።

“ሕንጻ ነዳፊ።”

“እመቤቴ፣” አለ አናጢው ጠረጴዛው ላይ ደገፍ ብሎ፣ “እሱን በትልቁ ጻፊልኝ።”