ለቆራቢው ልጅ የሰጠሁት ብስኩት

የጅቡቲን መንገድ ትቼ ድሬ ከተቀመጥኩ ወዲህ፣ እናቶች ተረጋግተው እንዲያስቀድሱ ብለን እሁድ እሁድ ከሁለቱ ልጆቼ ጋር ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ዛፍ ሥር ሕፃናት እንጠብቃለን። ከዚህስ ተሳቢ መንዳት ይሻላል። ባለፈው እሁድ ሙቀቱ ገና በጠዋቱ አናት ይበሳል፤ አንድ የሁለት ዓመት ልጅ ደግሞ ለቅሶውን አላቆም አለ። አቀፍኩት፣ አዘልኩት፣ ወገቤ ተቆረጠ። ሲያቅተኝ ከኪሴ ብስኩት አውጥቼ ሰጠሁት። ዝም አለ። እኔም እፎይ ብዬ ሳልጨርስ እናቱ ልታቆርበው መጣች፤ አፉ ላይ ያለውን ፍርፋሪ አየች።

«በላ እንዴ፣ ጋሼ?» አለችኝ ቀስ ብላ። «ከንጋት ጀምሮ እያባበልኩ ሳይበላ ያቆየሁት እኮ ለቁርባኑ ነው። ይኼ መነገር ያስፈልገዋል ብዬም አላሰብኩም።» ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ልጇን ታቅፋ አጠገቤ ቁጭ አለች፤ እሷም ደክሟታል። ወደ ትልቁ ልጄ ዞሬ፣ «እንዲህ ያለ ትንሽ ሕፃንም ሳይበላ ነው እንዴ የሚቆርበው? እኔ በምን ልወቅ?» አልኩት።

«እውነትህን ነው፣ አባዬ» አለኝ፣ ሌላ የሚያለቅስ ልጅ እያቀበለኝ። «እማዬ እኛን ስታቆርብ አንተ መንገድ ላይ ነበርክ።»

ልጁን ተቀበልኩት።