የጋዲሳ ሃምሳ ብር

ሱሉልታ፣ ብድር ቢሮ ነው የምሠራው። አንድ ቀን አዴ ብርቄ የሚባሉ ወተት ሻጭ ሁለተኛ ላም ልግዛ ብለው መጡ። ስማቸውን ኮምፒውተሩ ላይ ሳስገባ ያልተከፈለ የስልክ ብድር ወጣባቸው። «አዴ፣ በስልክ ተበድረው አልመለሱም። በዚህ ምክንያት ላበድርዎት አልችልም» አልኳቸው። «እኔ? ሲደወል ከማንሳት በቀር ስለ ስልክ ምን አውቃለሁ ልጄ!» አሉና ትንሽ አሰቡ። «ጋዲሳ ይሆናል። ያኔ መታወቂያ ስላልነበረው ሲሙን በእኔ ስም ነው ያወጣነው።» ጋዲሳ ልጃቸው ነው። ለቀን ሥራ ብሎ መተማ ከሄደ ዓመት አልፎታል፤ ሲደወልለት ስልኩ ዝግ ነው።

ላጽናናቸው ብዬ «ቀሪው እኮ ትንሽ ነው፤ ባለፈው ወር እንኳን ሃምሳ ብር ተከፍሏል» አልኩ። ጠረጴዛውን ጨብጠው ያዙ። «ባለፈው ወር? ጋዲሳ በሕይወት አለ በለኛ!» የስልኩ ሂሳብ ላይ ገንዘብ ከገባ ብድሩ በራሱ ይቆረጣል፤ ያስገባው ጋዲሳ ይሁን ሲሙን ያገኘ ሌላ ሰው፣ ኮምፒውተሩ አያውቅም። ይህን መናገር አቃተኝ። «ቀሪውን ዛሬ ከከፈሉ ስምዎ ይጸዳል፣ ላሟንም ይገዛሉ» ብቻ አልኳቸው። መቀነታቸውን ፈተው ብሩን አወጡ፤ ደግሞ መልሰው ቋጠሩት። «ይቅር ልጄ። እኔ ከዘጋሁት እሱ መኖሩን በምን አውቃለሁ?»

ከዚያች ሃምሳ ብር ወዲህ ምንም አልተከፈለም። እሳቸው ግን በየወሩ ይመጣሉ። ላሟን ትተዋታል። በሩ ላይ ቆመው፣ «ጋዲሳ ከፈለ?» ይሉኛል።