ሦስተኛው የነጭ ሽንኩርት መጭመቂያ

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የበር ቁልፍ ልገዛ፣ ለሥራ በመጣንበት የሰው አገር ከተማ ወዳለው ጀበል ገበያ ወረድኩ። አብሮኝ ጓደኛዬ አክሊል ነበር። ጄኔሬተር ጠጋኝ ነው፤ ቴክኒክ ኮሌጅ ከገባ ጀምሮ ያገኘውን ብረት ሁሉ ሳይመረምር አያልፍምና ከእሱ ጋር ገበያ መውጣት ትዕግሥት ይጠይቃል። ኸይሩ የሚባለው ያገራችን ሰው የወጥ ቤት ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ስንደርስ፣ ጎረቤታችን እትዬ ማንያህልሻል የቀኝ እጃቸውን አንጓ በሻሽ ጠምጥመው ከባለሱቁ ጋር ይሟገታሉ።

ከእትዬ ጋር ሙኑኪ ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ ነው የምንኖረው። ባንክ የምትሠራ ልጃቸውን ሒሩትን ሊያግዙ ከደሴ ከመጡ ሁለት ዓመታቸው ነው። አንጓቸው ካበጠ ወዲህ ሐኪም መውቀጥ ከልክሏቸዋል፤ ሒሩትም ከፊታችን ሰኞ ጀምሮ ወጥ የምትሠራ ሠራተኛ ቀጥራለች።

"ሁለተኛው ተሰበረብኝ!" አሉ እትዬ፣ ለሁለት የተከፈለ የነጭ ሽንኩርት መጭመቂያ ከዘንቢላቸው እያወጡ። "የልጅ መጫወቻ ነው የሸጥክልኝ። ምናለ ሙቀጫዬን ባልተውኩ!"

"እማማ፣ እኔ ሸጥኩ እንጂ አልሰበርኩም። ካላስ፣ በቃ፣ ሌላ ይምረጡ" አለ ኸይሩ።

አክሊል ስብርባሪውን ተቀብሎ አገላበጠው፤ አሸተተውም።

"እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ዝንጅብልም ይጨምሩበታል?"

"ታዲያስ! ሁለቱን ምን ለያቸው? አብረው ነው የሚወቀጡ። እንዳይፈናጠርም ጨው ጣል አደርግበታለሁ።"

"ከዚያስ ወዲያው ያጥቡታል?"

"ሲመቸኝ አጥበዋለሁ። ሙቀጫ በየደቂቃው ይታጠባል እንዴ?"

እኔ ሳቄ አመለጠኝ፤ እናቴም ቢሆኑ እንዲሁ ነበር የሚያደርጉት። አዲስ ዕቃ ገዝተን በአሮጌው ልማድ እንጠቀምበትና ሲበላሽ የሠራውን ሰው እንረግማለን።

"ይህ አሉሚኒየም ነው" አለ አክሊል ረጋ ብሎ። "የዝንጅብል ቃጫ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ሲደፈን እርስዎ አብልጠው ይጫኑታል፤ ጉልበቱ ሁሉ እዚህች ማጠፊያ ላይ ያርፋል። ጨው ሲያድርበት ደግሞ ብረቱን ይበላዋል። ይኸው፣ ተቦርብሯል።"

"ጥፋቱ የእኔ ነው በለኛ!"

"ግማሹ የዕቃው ነው።"

እትዬ ስብርባሪውን ከእጁ ተቀበሉት። ድምፃቸው ተለወጠ።

"አንተ ልጄ፣ ሰኞ ሠራተኛዋ ትገባለች። ኩሽናውን ከወሰዱብኝ እዚህ አገር ምን ልሠራ ነው? ቋንቋ አላውቅ። ልጄ ማታ ስትመጣ 'እማዬ፣ ምን ሠራሽ?' የምትለኝ ብቻ ነው ያለኝ።"

አክሊልም ወደ ዕቃዎቹ ዞሮ፣ "እንግዲያው ደህና አድርገን እንምረጥ" አለ።

ከመደርደሪያው አንዱን አንሥቶ፣ ቀላል ነው ብሎ መለሰው። የሚያብለጨልጨውን ሁለተኛ፣ ኸይሩን አስፈቅዶ በቁልፍ ጫር ሲያደርገው ከሥሩ ሌላ ቀለም ወጣ። "ቅብ ነው። ሲላጥ ወጥ ውስጥ ይገባል።" ሦስተኛው የማይዝግ ብረት ነበር፤ ከበድ ያለ፣ ማጠፊያው ወፍራም፣ እጀታው ረጅም።

"እጀታው ሲረዝም እጅ አይደክምም። በግራዎ ይሞክሩት።"

እትዬ ከዘንቢላቸው አንድ ፍሬ ነጭ ሽንኩርት አውጥተው ልጠው ከተቱና በግራ እጃቸው ጨበጡት። ነጭ ሽንኩርቱ እንደ ቀጭን ክር ወረደ። በጣታቸው ጫፍ ቀመሱት።

"የሙቀጫው ጣዕም ሌላ ነው" አሉ፣ በቀላሉ ላለመረታት።

"ሊሆን ይችላል፤ አልከራከርዎትም። ግን ሙቀጫው አንጓዎን ወስዶታል። ይህንን ዝንጅብልና ጨው ሳይነካው፣ እንደጨረሱ አጥበው አድርቀው ያስቀምጡት፤ ብዙ ዘመን ያገለግልዎታል።"

"ተወዷል እኮ!"

"ከሁለቱ ስብርባሪዎች ዋጋ አይበልጥም" አልኩ እኔም፣ ሳልጠየቅ።

በማግስቱ ምሳ ጠሩን። ሒሩት ምስር ወጡን ቀምሳ የነጭ ሽንኩርቱ ጣዕም ሲመጣላት ፊቷ ተለዋወጠ።

"እማዬ! በዚያ እጅሽ ወቀጥሽ?"

እትዬ ጓዳ ገብተው፣ ታጥቦ የደረቀውን መጭመቂያ አምጥተው በግራ እጃቸው ከፈት ዘጋ አደረጉላት። ሒሩት የእናቷን አንጓ ዳሰሰች፤ እብጠቱ አልጨመረም ነበር። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ዕቃ ስንገዛ ክብደቱንና ማጠፊያውን ብናይ፣ አያያዙንም ብንማር፣ ገንዘባችንና ጤናችን ይተርፉልናል። ያን ቀን ግን የተረፈው ከዚህም ይበልጥ ነበር።

"ነገ ለምትገባው ሠራተኛ ደውዬ እንዳትመጣ ልንገራት" አለች ሒሩት፣ ስልኳን እያነሣች።

"የለም፣ ትምጣ" አሉ እትዬ፣ ወጡን እየጨመሩልን። "ዝንጅብሉን እሷ ትወቅጣለች። ወጡን የምሠራው እኔ ነኝ።"