እባቦቹ የእናቴ ናቸው

አዳማ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ወይዘሮ ይመኙሻል ጓሮ ባለው ሰርቪስ ቤት ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ፤ የፊታችን እሁድ የሚሞሸረው ልጃቸው ኢዮስያስ ባዶ የእንጨት ሣጥን የጫነች ፒካፕ በር ላይ አቁሞ ፊታቸው ቆሟል።

ኢዮስያስ፦ ሌላ ምንም አታደርጊም እማዬ። አሞኛል ማለት ብቻ ነው።

ይመኙሻል፦ ምኔን?

ኢዮስያስ፦ የፈለግሽውን። ደም ግፊት በይ።

ይመኙሻል፦ ደም ግፊቱማ እውነት ነው። ለእሱ ብዬ የቀረሁበት ሠርግ ግን የለም።

ኢዮስያስ፦ እንግዲያው ወገቤን በይ።

ይመኙሻል፦ ሰዉ "የሙሽራው እናት የት አሉ?" ሲል "ወገባቸውን አሟቸው ምስር ይለቅማሉ" ልትሉ ነው?

ኢዮስያስ፦ አታክብጂው እንጂ! አንድ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልክ አብረን ነን።

ይመኙሻል፦ እነዚህን እባቦችህንም እኔ ጋ ስታስቀምጥ "አንድ ወር ነው" ብለህ ነበር።

ኢዮስያስ፦ ሥራው ሐዋሳ ያስቀረኝ ወድጄ ነው?

ይመኙሻል፦ መቼ ወደህ አልኩህ? መንትዮቹ ስታመጣቸው የጫማ ማሰሪያ ያህሉ ነበር። አሁን አንዷ ብቻዋን ባልዲ ትሞላለች። አድገዋል ልልህ ነው።

ኢዮስያስ፦ ለዚህም እኮ ነው መኪና ይዤ የመጣሁት። ከዛሬ ጀምሮ ተገላገልሽ። ላንጋኖ መንገድ ላይ ያለ አንድ ሎጅ ይወስዳቸዋል። መስታወት ውስጥ አድርጎ ለእንግዳ ያሳያቸዋል።

ይመኙሻል፦ ለጽድቅ ነው?

ኢዮስያስ፦ ያው... የሚዜዎቹን ሱፍ የሚችል ነገር ይሰጡኛል።

ይመኙሻል፦ መሪጌታ ሱፍ ሊሆን ነው በለኛ።

ኢዮስያስ፦ ደሞ መሪጌታ ማነው?

ይመኙሻል፦ ዘንዶው ነዋ።

ኢዮስያስ፦ ስሙ ኪንግ ነበር እኮ!

ይመኙሻል፦ አንተ እዚህ ሳለህ። ሲጠቀለል የደብራችንን መሪጌታ ጥምጣም ነው የሚመስለው። ቢጠሩት አይሰማም፤ በዚህም ይመሳሰላሉ።

ኢዮስያስ፦ እሺ፣ መሪጌታም ይሁን። በይ ቁልፉን ስጪኝ፣ ልጫናቸው።

ይመኙሻል፦ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው፤ የትም አይሄድም። አንተ የሕመሜን ነገር ጨርስልኝ። ለምንድነው የምታመመው?

ኢዮስያስ፦ የኤፍራታ ቤተሰቦች ስለ እባቦቹ ሰምተው ፈርተዋል። ይኸው ነው።

ይመኙሻል፦ በዘንቢል ይዣቸው ልመጣ መስሏቸው ነው?

ኢዮስያስ፦ አያቷ አሉ፤ ትልቅ ሰው ናቸው። "እባብ የቀለበ እጅ ሙሽራዋን እንዳይነካብኝ" ብለው ምለዋል።

ይመኙሻል፦ አንተስ? በጓንት ልትነካት ነው?

ኢዮስያስ፦ እኔን... እኔን ተይኝ።

ይመኙሻል፦ ለምን እተውሃለሁ? ጫካ ለጫካ ዞረህ ለቅመህ ያመጣሃቸው አንተ ነህ። "እንደ ድመት ናቸው እማዬ" ብለህ አልጋዬ ላይ ያስቀመጥክብኝ አንተ ነህ።

ኢዮስያስ፦ ያኔ ልጅ ነበርኩ።

ይመኙሻል፦ ጺም ነበረህ።

ኢዮስያስ፦ እማዬ፣ ልፋትሽን የማላውቅ መሰለሽ? አውቃለሁ እኮ።

ይመኙሻል፦ አታውቅም። ክረምት መብራት በጠፋ ቁጥር ውሃ አፍልቼ በሃይላንድ እየሞላሁ፣ በጋቢዬ እየጠቀለልኩ አጠገባቸው ሳስቀምጥ፣ እኔ በነጠላ ነው ያደርኩት። "ይበርዳቸዋል" ያልከኝ አንተ ነህ። እናትህንም እንደሚበርዳት አልጠቀስክም።

ኢዮስያስ፦ አንዳንዴ ቢዘለል ምን ነበረበት?

ይመኙሻል፦ "አትዝለይ" ነበር ያልከው! የእህቴ አርባ አሰላ ሲወጣ ደውለህ "እማዬ አደራ፣ የዛሬውን ምግብ እንዳትዘይባቸው" አላልክም? ጸሎቱ እንዳለቀ ምሳ ሳልቀምስ ተነሳሁ። ልጆቿ "እትዬ፣ በዚህ ቀን ምን ያስቸኩልሻል?" ቢሉኝ "ቤት ትንንሽ ልጆች አሉብኝ" አልኩ። የስድሳ ዓመት ባልቴት!

ኢዮስያስ፦ ይኼንን አልነገርሽኝም።

ይመኙሻል፦ ስትደውል መጀመሪያ "በሉ ወይ?" ነው የምትለው። በልተዋል ካልኩህ ትዘጋዋለህ።

ኢዮስያስ፦ ካርድ እያለቀብኝ ነዋ።

ይመኙሻል፦ አይጥ ፍለጋስ? በየደጁ እየዞርኩ "በወጥመድ የያዛችሁት አለ?" የምል ሴት ሆኜልሃለሁ። መርዝ የቀመሰች እንዳትሆን ደግሞ ማጣራት አለብኝ። የጎረቤቴን ልጅ ስለ አንዲት አይጥ በመስቀል አስምያት፣ ይኸው እስከ ዛሬ ስታየኝ መንገድ ትቀይራለች።

ኢዮስያስ፦ እሷ ድሮም ክፉ ናት።

ይመኙሻል፦ የንስሐ አባቴም ክፉ ናቸው? በዐቢይ ጾም እኔ በሽሮ፣ እነሱ በፍስክ። ጠበል ሊረጩልኝ መጥተው በመስኮት አዩና "ሔዋን እንኳ አነጋገረችው እንጂ አልቀለበችውም" ብለው ከበር ተመለሱ።

ኢዮስያስ፦ ሃ! እሳቸው ደግሞ...

ይመኙሻል፦ ሳቅ። እኔም ስቄ ነበር። የማርያም ማኅበር ተራዬ ሲደርስ ነው ሳቁ የጠፋብኝ። ጠላዬን ጠምቄ፣ ቤቴን ጎዝጉዤ ጠበቅሁ። አንዲት ሴት አልመጣችም። ለካ እነ አስካለ ቤት ተሰብስበዋል። ከዚያ ወዲህ ተራው ሲዞር የኔን ቤት ዘሎ ያልፋል። ያን ሁሉ ጠላ ለማን እንደሰጠሁት ታውቃለህ?

ኢዮስያስ፦ ለማን?

ይመኙሻል፦ ደፋሁት። እባብ ጠላ አይጠጣም።

ኢዮስያስ፦ እማዬ... ይኸው እኮ፣ አሁን ሊያበቃ ነው። ቁልፉን ስጪኝና ያብቃ።

ይመኙሻል፦ የኤፍራታ አባት ሽማግሌዎቹን ምን ብለው ነበር የጠየቁት?

ኢዮስያስ፦ አባቷ እንደጠየቁ ማን ነገረሽ?

ይመኙሻል፦ አንተን እየጠየቅሁህ ነው።

ኢዮስያስ፦ ጋሽ ደግፌ ናቸው አይደል? ሽማግሌ ሆኖ ወሬ!

ይመኙሻል፦ ጋሽ ደግፌ ሞጆ ከልጅቷ ቤት ከተመለሱ ወዲህ ሲያዩኝ ባርኔጣቸውን አንስተው ያልፋሉ። ሐዘን ቤት የመጡ ነው የሚመስሉት። ምን አሸከምካቸው?

ኢዮስያስ፦ በመጀመሪያው ቀጠሮ አባቷ "ልጁ ቤት እባብ አለ ይባላል፣ እውነት ነው?" አሏቸው። ጋሽ ደግፌም "ጠይቀን እንመለሳለን" ብለው መጡ።

ይመኙሻል፦ እና?

ኢዮስያስ፦ እማዬ፣ ልጅቷን አጣት ነበር እኮ።

ይመኙሻል፦ እና ምን ብለው ተመለሱ?

ኢዮስያስ፦ "እባቦቹ የእናቴ ናቸው" በሉልኝ አልኳቸው።

ይመኙሻል፦ ጋሽ ደግፌስ? አንተ ጫካ ስትዞር በመኪናቸው ሲያመላልሱህ የነበሩት ሰውዬ?

ኢዮስያስ፦ ጫማቸውን እያዩ "ይሁን" አሉ።

ይመኙሻል፦ አባቷስ "ሴትየዋ ምን ነካት?" አላሉም?

ኢዮስያስ፦ "አባቴ ከሞተ ወዲህ ትንሽ ጸባይዋ ተለውጧል" ነው ያልኩት። ሌላ ክፉ ነገር አላልኩም።

ይመኙሻል፦ ቃልቻ ናት አላልክም?

ኢዮስያስ፦ ኧረ በእመቤቴ! እንደዚያ አይወጣኝም!

ይመኙሻል፦ አንተማ አላልክም። ክፍት ቦታ ትተህላቸው ሄድክ። ባሏ የሞተባት፣ ጸባይዋ የተለወጠ፣ ቤቷ እባብ ያለ። ቀሪውን አያቷ ሞሉት።

ኢዮስያስ፦ ሠርጉ ይለፍ እንጂ ቀስ ብዬ አስረዳቸዋለሁ።

ይመኙሻል፦ መቼ? ስትወልዱ?

ኢዮስያስ፦ ተቆጪ፣ መብትሽ ነው። እሁድን ብቻ አሳልፊልኝ።

ይመኙሻል፦ እሁድ ሙሽሮቹ ጉልበት ሲስሙ የማንን ትስማላችሁ? አባትህ የለም።

ኢዮስያስ፦ እሱ... ተስተካክሏል።

ይመኙሻል፦ እንዴት ተስተካከለ? ወንበሩን ልትስሙት ነው?

ኢዮስያስ፦ እትዬ ብርቄ ትቀመጣለች። ያባቴ እህት አይደለች? ዘመድ ናት።

ይመኙሻል፦ ብርቄ?

ኢዮስያስ፦ ሰዉ ባዶ ቦታ እንዳያይ ብዬ ነው።

ይመኙሻል፦ ነግረሃታል?

ኢዮስያስ፦ ቀሚስ አሰፍታለች።

ይመኙሻል፦ አሰፍታ ጨርሳለች። ለእሷ ከኔ በፊት ነገርካት።

ኢዮስያስ፦ ልብስ ሰፊው ቀን አጥሮበት...

ይመኙሻል፦ በቃ፣ ተወው። ምስሩ ላይ ቆመሃል፤ እግርህን አንሳ።

ኢዮስያስ፦ ይቅርታ። በይ ቁልፉን ስጪኝ። ሳይመሽ ላንጋኖ መድረስ አለብኝ።

ይመኙሻል፦ የምን ቁልፍ?

ኢዮስያስ፦ የእባቦቹ ነዋ!

ይመኙሻል፦ የማን እባቦች?

ኢዮስያስ፦ እማዬ፣ አሁን ቀልድ ላይ አይደለሁም። የኔ እባቦች!

ይመኙሻል፦ እንግዲያው ጋሽ ደግፌን እንጥራና ሞጆ ተመልሰው ይህንኑ ይንገሩልህ። "ልጁ ከላንጋኖ ሰዎች ጋር ሲዋዋል የኔ ናቸው ብሏል" ይበሉ። በሽማግሌ የሄደ ቃል በሽማግሌ ይመለሳል። እኔ ምስሬን እየለቀምኩ እጠብቃለሁ።

ኢዮስያስ፦ ሚዜዎቹ ልብስ ልኬት ሰጥተዋል እኮ!

ይመኙሻል፦ የእናትህን ንብረት ሸጠህ ሱፍ ልታለብስ ነበር? ጸባይዋ የተለወጠ ሴት ደግሞ ምን እንደምታደርግ አይታወቅም።

ኢዮስያስ፦ ኤፍራታ ይህን ብትሰማ ሁሉም ነገር እንደሚፈርስ ታውቂያለሽ? ጭንቀቴ ይኼ ነው። እናትህ ነኝ ትያለሽ...

ይመኙሻል፦ ኤፍራታ ሐሙስ መጥታ ነበር።

ኢዮስያስ፦ የት?

ይመኙሻል፦ እዚህ። አንተ የቆምክበት ቦታ።

ኢዮስያስ፦ ከማን ጋር?

ይመኙሻል፦ ብቻዋን። ለእናቷ ልብስ ሰፊ ጋ ነኝ ብላ ነው የመጣችው። ቁና ቁና እየተነፈሰች "እባቦቹ የርስዎ ናቸው?" አለችኝ።

ኢዮስያስ፦ ምን አልሻት? እማዬ፣ ምን አልሻት?!

ይመኙሻል፦ ምን ልበላት? የምታገቢው ሰው ዋሽቶሻል ልበላት? የኔ ናቸው አልኳት።

ኢዮስያስ፦ ኡፍፍ! እግዚአብሔር ይስጥልኝ! እኔ እኮ እንደማትጨክኚብኝ አውቅ ነበር።

ይመኙሻል፦ አዎ፣ ታውቅ ነበር። ይኸው ነው የጎዳኝ።

ኢዮስያስ፦ ሌላ ምን ጠየቀችሽ?

ይመኙሻል፦ "ልጅዎ አያግዝዎትም?" አለች። አይ፣ እሱ ገና ሲያያቸው ይሸሻል አልኳት።

ኢዮስያስ፦ እሺ፣ ጥሩ ብለሻል...

ይመኙሻል፦ "ይህን ሁሉ ብቻዎን?" አለችና ባልዲውን ከእጄ ተቀበለችኝ። ድሪ፣ ያቺ ባለ መስመሯ፣ ቆዳዋን ልትቀይር ዓይኗ ደመና ለብሶ ነበር። እርጥብ ጨርቅ እንዴት እንደማደርግላት አሳየኋት። ጨርቁን ተቀብላኝ ራሷ አደረገችላት። አንተ "ፈርተዋል" ካልከኝ ቤት የወጣች ልጅ።

ኢዮስያስ፦ ለምን አልነገረችኝም?

ይመኙሻል፦ አንተስ ምን ነገርካት?

ኢዮስያስ፦ ከዚያስ? ስትሄድ ምን አለች?

ይመኙሻል፦ ስትወጣ ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመችው። እሁድ እስኪደርስ አልጠበቀችም። "ለአያቴ እኔ እነግራታለሁ፤ እርስዎ ከቀሩ ግን እኔም ከመኪና አልወርድም" ብላኝ ሄደች።

ኢዮስያስ፦ ስለዚህ... ትመጫለሽ ማለት ነው?

ይመኙሻል፦ ጠዋት እነሱን አብልቼ እመጣለሁ።

ኢዮስያስ፦ በቃ፣ በቃ እሺ። ለእትዬ ብርቄ አሁኑኑ ደውዬ ቦታሽን ትልቀቅልሽ እላታለሁ።

ይመኙሻል፦ አትደውል። ቀሚስ አሰፍታለች፣ ትቀመጥበት፤ ጉልበቷንም በደንብ ሳምላት። ለኔ ኤፍራታ በሴቴ ወገን፣ ከቤተሰቧ ጋር ወንበር አስይዛልኛለች።